ጥያቄና መልስ፦ የጓሮ ንጣፍና ከቤት ጋር የሚያያዝ ፔርጎላ በጅማ

ጥያቄ (ከቦሳ ኪቶ)፦ ኢንጂነር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከቤታችን ጀርባ አራት በአምስት ሜትር የሚሆን ንጣፍ ለመሥራትና በላዩ ፔርጎላ፣ ማለትም በምሰሶዎች ላይ የሚያርፍ የርብራብ ጥላ፣ ለማቆም አስበናል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከውሃው ይጀምሩ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስለምታገኝ፣ የጓሮ ንጣፍን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የሲሚንቶ ማነስ ሳይሆን መውጫ ያጣ ውሃ ነው። የጣሪያዎ አንድ ክንፍ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 30 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቀን 1,800 ሊትር ውሃ በዚያ በኩል ይወርዳል፤ አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ንጣፉ ላይ ፈስሶ ግድግዳው ሥር ይተኛል። ስለዚህ አስቀድመው አሸንዳ ይስቀሉ፤ ውሃውን በቱቦ ከንጣፉ አሳልፈው ወደ ቦይ ይልቀቁት። ንጣፉ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምር፤ ወደ ውጭም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ ይሂድ። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አውጥተው በገረጋንቲ ይተኩት፤ ገረጋንቲውም በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በደንብ ይጠቅጠቅ።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ስፋቱን፣ የአፈሩን ዓይነትና የሚጠቀሙበትን ዕቃ ሳይነግሩኝ የምሰጥዎ ዋጋ አይጠቅምዎትም።

ጥያቄ (ከኮቼ)፦ የእኛ ቤት የጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። የፔርጎላውን አግዳሚ ግድግዳው ላይ በብሎን ብናስረውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያስሩት። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም፤ ቢይዝ እንኳ በቀዳዳው የሚገባው ውሃ ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሰዋል። በቤቱም በኩል ምሰሶ አቁመው ፔርጎላው ራሱን ችሎ እንዲቆም ያድርጉ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ቢርቅ ለዓይን የተያያዘ መስሎ ይታያል። የብሎኬት ቤት ያለውም ሰው ቢሆን በአርማታው ቢም (አግድም ተሸካሚ) ላይ እንጂ ውስጡ ባዶ በሆነው ብሎኬት ላይ አይሰር፤ ከአግዳሚው በላይም ውሃ የሚመልስ ላሜራ ያድርግበት። አሁንም እላለሁ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ ምንም አይሥሩ።

አስተያየት (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ለምሰሶው የባሕር ዛፍ አጣና ይበቃል፤ ብረት ያለ አግባብ ወጪ ነው።

አስተያየት (ከሄርማታ)፦ በእኛ ሰፈር ምስጥ የባሕር ዛፍን ምሰሶ ከሥሩ ይበላዋል። ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ይሻላል።

አስተያየት (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ቱቦላሬስ በዚህ እርጥበት አይዝግም? የአባቶቻችን ቤት በእንጨት ቆሞ የለም ወይ? ዋንዛ ቢገኝማ ጥያቄም ባልነበረ።

መልስ፦ ክርክሩ ወደ አባቶቻችን ቤት ሳይሄድ እንመለስ። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ሁለቱም የሚበላሹት እግራቸው ላይ ነው። እንጨቱን አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ ከመሬት ከፍ ባለ የአርማታ እግር ላይ በብረት ጫማ አቁሙት። ብረቱን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡት፤ የቱቦላሬውን አፍም በብየዳ ድፈኑ።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ ጓሯችን ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ አይቻልም። ርብራቡ እንዴት ይደርደር?

መልስ፦ መልካም ጥያቄ ነው። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በበጋ ወደ ደቡብ፣ በክረምት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ የምዕራቧ ፀሐይ ግን ዓመቱን ሙሉ በጎን ትገባለች። ርብራቡን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርግተው በጠርዙ ያቁሙት። ፀሐይዋ በጣም ዝቅ ስትል ርብራብ ስለማይከላከል፣ በምዕራብ በኩል ፓሽን ፍሩት ወይም ሌላ ሐረግ ያሳድጉ።

ጥያቄ (ከቦሳ ኪቶ)፦ ቡናም ልናሰጣበት እንችላለን?

መልስ፦ ፔርጎላ የሚሠራው ለጥላ ነው። ቡናውን ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ በሽቦ አልጋ ላይ ያስጡት።

ጥያቄ (ከበቾ ቦሬ)፦ በግምትም ቢሆን ዋጋውን ቢነግሩን?

መልስ፦ ለጅሬኑ ጠያቂ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከኮቼ)፦ ታዲያ መቼ እንጀምር?

መልስ፦ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ቁፋሮ ይጀምሩ። ያ ጊዜ ቡና የሚለቀምበት ስለሆነ የቀን ሠራተኛ በቀላሉ አይገኝም፤ ሰዎቹን በመስከረም ይነጋገሯቸው። እስከዚያው ዝናብ ሲዘንብ ወጥተው ውሃው ጓሮው ውስጥ የት እንደሚተኛ ይመልከቱ፤ ቦታውንም በችካል ምልክት ያድርጉበት።