ከኮምፒውተሩ በፊት ዳዶውን

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂያችን በማሽኒንግ ደረጃ 4 ጨርሶ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ጥግ ላይ ማንም የማይነካው አሮጌ ፍሬዛ (ብረትን በሚዞር መቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን) አለ። ዩቲዩብ ላይ እንዳየው ሞተር ገጥሞ በኮምፒውተር ሊያሠራው አስቧል። «ያጠራቀምኩትን በሙሉ እዚህ ላይ ላውል ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን) ያለው ፋብሪካ ልቀጠር?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሐሳብህ እብደት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ያሳየው የመጀመሪያው በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን ራሱ ነባር የሲንሲናቲ ፍሬዛ ተቀይሮ የተሠራ ነበር። ብቻ አቦ፣ ብሩን አሁን አታውጣ።

ነገ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ የፍሬዛው ጠረጴዛ ላይ ዳያል ጌጅ (ትንሿን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አስደግፍ። እጀታውን ወደ አንድ ወገን አዙረው፤ መርፌው ሲነቃነቅ ቁም። ከዚያ ቀስ ብለህ መልሰው። እጀታው እየዞረ መርፌው ዝም የሚልበት ባዶ ዙር አለ። እሱን ለካና ጻፈው።

ተራ ስቴፐር ሞተር (በእርምጃ በእርምጃ የሚዞር ሞተር) አንድ ዙር በ200 እርምጃ ይጨርሳል። የጠረጴዛው ብሎን በዙር 5 ሚሊ የሚገፋ ከሆነ አንዱ እርምጃ 0.025 ሚሊ ነው። ጠረጴዛው 0.4 ሚሊ ባዶ የሚሄድ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ቆጠራ ከንቱ ነው። ሶፍትዌሩ ባዶውን ዙር አስልቶ ሊጨምርልህ ይችላል፤ ጠረጴዛውን ግን አይዝልህም። ሥራውን በመቁረጫው መዞሪያ አቅጣጫ ስትመግበው መቁረጫው ጠረጴዛውን ይጎትተውና ጥርሱ ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጴዛው ብሎን የሚዞርበትን የተበላ የነሐስ ዳዶ፣ የላላውን መንሸራተቻና ኩሽኔታውን አስተካክል። ይኼ ደግሞ የተማርከው ሥራ ነው። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የመጣች ከተማ ናት፤ ከባቡሩ ወርክሾፕ በጡረታ የወጣ ሰው ካገኘህ ሻይ ጋብዘህ ጠይቀው።

እኔ በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ቤት ሞተሩና መቆጣጠሪያው ቀድሞ ተገዛ። ብረቱን ያየ አልነበረም። ዕቃው ከነካርቶኑ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ አትጠይቀኝ፤ እኛ ምሳ እንበላበት ነበር።

ብሎኑን በቦል ስክሩ (በትናንሽ ኳሶች ላይ በሚንከባለል ብሎን) እቀይራለሁ ካልክ ደግሞ መብራትን አስብ። ቦል ስክሩ በጣም ስለሚቀል ራሱን አይዝም። መብራት ድንገት ሲሄድ ከባዱ የማሽን ጭንቅላት በራሱ ሊወርድ ይችላል። ለቁመቱ ብሬክ ያለው ሞተር ያስፈልግሃል። መብራቱ ሲመለስም ማሽኑ የት እንደነበረ አያውቅም፤ ወደ መነሻው የሚመልሱት ስዊቾች አይቅሩ። የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ የሞተሮቹን ኃይል በቀጥታ ይቁረጥ፤ ኮምፒውተሩን የሚያስፈቅድ ቁልፍ አልወድም። እሱንና ግራውንዱን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ አንተ አጠገቡ ቆመህ ተማር።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ማሽኑ ያንተ አይደለም። ያንተ ባልሆነ ብረት ላይ ያጠራቀምከውን አታፍስስ። ለቤቱ ባለቤት ለጋሼ እንዲህ በላቸው፦ «ዕቃውን እርስዎ ይግዙ፣ ጉልበቱ የኔ፣ ከሚያስገባው ይህን ያህል ይድረሰኝ»። በቃል አይቅር፣ በወረቀት ይሁን። ብትለቅ ምን እንደሚሆንም ይጻፍ። እስከዚያው ሊነክስ ሲኤንሲ የተባለውን ማሽን የሚያዝ ሶፍትዌር በነፃ አውርድ። ያለ ማሽንም ስክሪን ላይ ያለማምዳል፤ ማታ ማታ ጂ ኮድ (ማሽኑ የሚያነበውን የትእዛዝ ቋንቋ) ጻፍበት።

አዲስ አበባስ? ለጊዜው ቆይ እላለሁ። ፋብሪካ ብትገባ መጀመሪያ የሚሰጥህ ሥራ ሌላ ሰው በጻፈው ፕሮግራም ብረት ማሰርና ቁልፍ መጫን ነው። ክፉ ሥራ አይደለም። ግን የሞተ ማሽን አስነስቶ ያሳየ ልጅ በሌላ ወንበር ይቀመጣል፤ ሲሄድም የሚያሳየው ፎቶና የለካው ቁጥር ይኖረዋል። ጋሼ እምቢ ካሉ ወይም ዓመት ሙሉ «እናያለን» ካሉህ፣ ያኔ ሂድ።

የለካኸውን ላክልኝ። ከ0.1 ሚሊ በታች ከሆነ ስለ ሞተር እናወራለን። ከዚያ በላይ ከሆነ ስለ ዳዶ።