40 ሪሌይ ኤክሳይቴሽኑ ደህና ሆኖ ጄኔሬተሩን ሲያወጣ

40 ሪሌይ ጄኔሬተሩ ኤክሳይቴሽን (የሮተሩን ማግኔት የሚፈጥረውን ከረንት) ሲያጣ የሚያወጣው መከላከያ ነው፤ የሚያየው ኢምፒዳንስ ዞን 1 እና ዞን 2 ከተባሉት ክቦች ውስጥ ገብቶ ከቆየ ትሪፕ ያደርጋል። ጥያቄው «ኤክሳይቴሽኑ ምንም ሳይሆን ሎድ በቀነሰ ቁጥር 40 ሪሌይ ትሪፕ ያደርጋል፤ የዞን 2ን ክብ ላሳንስ ወይስ ሰዓቱን ልጨምር?» የሚል ነው። ሁለቱንም ገና አይንኩ። ትሪፕ ባደረገበት ቅጽበት ሜጋ ቫሩ (ሪአክቲቭ ፓወሩ) ወደ ግሪድ እየወጣ ነበር ወይስ እየገባ? መልሱ ያለው ከሪሌዩ ሪከርድ ላይ ነው።

እየወጣ ከነበረ የሲቲውን (የከረንት ትራንስፎርመሩን) ፖላሪቲ ይፈትሹ። ሲቲው ከተገለበጠ ሪሌዩ የሚወጣውን ቫር የሚገባ አድርጎ ያያል። ሙሉ ሎድ ላይ ኢምፒዳንሱ ከክቡ ውጭ ስለሚቆይ ስህተቱ ተደብቆ ይከርማል፤ ሜጋ ዋቱ ወርዶ ቫሩ ከፍ ሲል ግን ክቡ ውስጥ ይገባል።

እየገባ ከነበረ ስሌቱን ይድገሙ። 100 ሜጋ ቮልት አምፔር፣ 13.8 ኪሎ ቮልት የሆነ ማሽን ቤዝ ኢምፒዳንሱ 1.904 ኦም ነው። ሲቲው 5000/5፣ ፒቲው (የቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ) 13800/115 ከሆነ በ1000 አባዝቶ ለ120 ማካፈል ነው፤ 15.87 ሰከንደሪ ኦም ይመጣል። እዚህ ላይ ሬሾውን ገልብጦ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። ሲንክሮነስ ሪአክታንሱ 1.8፣ ትራንዚየንቱ 0.25 ቢሆን (ሁለቱም በፐር ዩኒት፣ በ15.87 የሚባዙ) ኦፍሴቱ፣ ማለትም ክቡ ከመነሻው የሚርቅበት፣ የትራንዚየንቱ ግማሽ፣ ማለትም 1.98 ኦም ወደ ታች ነው። የዞን 1 ዲያሜትር 15.87 ኦም ከ0.1 ሰከንድ ጋር፣ የዞን 2 ደግሞ 28.57 ኦም ከ0.5 ሰከንድ ጋር ይሆናል።

ዞን 2ን ማሳነስ የማይመከረው ለዚህ ነው፦ ኤክሳይቴሽን በዝቅተኛ ሎድ ሲጠፋ ኢምፒዳንሱ የሚያርፈው ሲንክሮነስ ሪአክታንሱ አካባቢ ስለሆነ ዞን 1 አያየውም።

ስሌቱ ትክክል ከሆነ ተጠያቂው የኤቪአሩ (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው) የአንደር ኤክሳይቴሽን ሊሚተር፣ ማለትም ኤክሳይቴሽኑ ከልክ በታች እንዳይወርድ የሚይዘው ነው። በዚህ ምሳሌ የዞን 2 ታችኛው ጫፍ (ኦፍሴቱ ሲደመር ዲያሜትሩ) 30.55 ኦም ነው። ሎድ ዜሮ ሆኖ ቮልቴጁ ሙሉ ሲሆን ይህ 52 ሜጋ ቫር ከመሳብ ጋር እኩል ነው። ቮልቴጁ ወደ 90 በመቶ ከወረደ ግን 42 ሜጋ ቫር ይበቃዋል (ነገሩ የቮልቴጁን ስኩዌር ይከተላል)። ሊሚተሩ ከዚህ ቀድሞ መያዝ አለበት። ሰዓት መጨመር እዚህ ትሪፑን ከማዘግየት ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ 0.5 ሰከንዱ ከፎልት በኋላ ለሚመጣ ፓወር ስዊንግ (የኃይል መወዛወዝ) የተሰጠ ነው።

የፒቲ ፊውዝ ሲቃጠል ሪሌዩን ብሎክ የሚያደርገው ሎጂክ ሥራ ላይ መሆኑንም ይመልከቱ።

ለሙከራ በየፌዙ 66.4 ቮልት ይስጡና ከረንቱን ከቮልቴጁ 90 ዲግሪ አስቀድመው ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት፤ ዞን 2 በ2.17 አምፔር አካባቢ መነሳት አለበት። ዞኑ ቮልቴጅ ሲወርድ ብቻ እንዲሠራ በአንደር ቮልቴጅ የታሰረ ከሆነ ለሙከራው ጊዜ ይፍቱት፤ ሲጨርሱ መመለሱ እንዳይረሳ።