«ድብርታም ነኝ» ወይስ «ድብርት ያዘኝ»?

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሲልቪያ ፕላዝን ልቦለድ «ዘ ቤል ጃር» ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ተራኪዋ ኤስተር ስለ ሕመሟ ስትናገር «ድባቴ» ልበል ወይስ «ድብርት»? «ድብርታም ነኝ» ብትልስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አያስኬድም። «ኣም» ጸንቶ የሚኖርን ነገር የሚያመለክት ቅጥያ ነው፤ ጺማም፣ ሆዳም፣ ሀብታም እንደምንለው። ከላይ የወደቀባትን ነገር ጠባይዋ ያደርገዋል፤ ልቦለዱ ደግሞ የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ኤስተር ኒውዮርክ ውስጥ ለማታውቀው ሰው «ኤሊ ሂጊንቦተም ነኝ» ብላ ትዋሻለች። «ነኝ»ን ለሕመሙም ካዋሉት፣ እዚህ ውሸት ላይ ሲደርሱ ጉልበቱ አልቆ ያገኙታል። ደራሲዋም ብትሆን በጥር 1963 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ መጽሐፉን ያወጣችው ቪክቶሪያ ሉካስ በሚል የብዕር ስም ነው፤ በራሷ ስም የታተመው ከሞተች በኋላ፣ በ1966 ነበር።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተሰናዳ ግሥ አለው፤ ደበረኝ። እንደ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ ሁሉ ባለቤቱ ማንነቱ የማይታወቅ ስውር «እሱ» ነው። ሴትዮዋ ተሳቢ ሆና «ኝ» ውስጥ ተቀምጣለች። ከዚህ የተሻለ ለኤስተር የሚስማማ ሰዋስው ከየት ይመጣል?

«ደበረኝ ዛሬ ሰለቸኝ ማለት ሆኗልና ለሕመም አይበቃም፤ ድባቴ ይሁን» የሚል ክርክር አለ። ግሡ መቅለሉን አልክድም። ስሙ ግን አልቀለለም፤ «ድብርት ይዞታል» ሲባል ሥራ ፈትቶ ነው ብሎ የሚረዳ ማን ነው?

ድባቴ ከ«ድብታ»፣ ከ«ድብት አለ» ወገን ነው፤ የሰውነት መክበድ፣ የእንቅልፍ መጫጫን። ቅርጹ የቅዳሴ፣ የውዳሴ፣ የውሳኔ ስለሆነ ለጆሮ ግእዝ ግእዝ ይላል፤ የተወደደውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። (ድብርትንስ ከግእዙ ደብር፣ ከተራራው ጋር ላዛምደው የሚል ቢመጣ፣ ፊደል መጋራት ብቻውን ዘመድ አያደርግም።) ኤስተር ግን ሰባት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ጸጉሯን ሦስት ሳምንት አልታጠበችም። ድብታ ድብታ የሚሸት ቃል ለእሷ አይዋጥልኝም። ትካዜም አይሆንም፤ ትካዜ ምክንያት ይፈልጋል።

ያም ሆኖ ሐኪሙም ራዲዮኑም ድባቴን ይዘውታል፣ አንባቢም ለምዶታል። ስለዚህ ሳልወድ፤ ሐኪም ሲናገር ድባቴ ይሁን፣ ተራኪዋ ስትናገር ድብርት።

ሲተረጉሙ «ደበረኝ»ን በየገጹ አይደጋግሙት፤ ያ የወጣቶቹ «ሰለቸኝ» ሾልኮ ይገባብዎታል። ድብርቱን ባለቤት አድርገው ግሡን እንደ ሕመሙ ደረጃ ይለዋውጡ፤ ሲጀምር ያዘኝ፣ ሲከርም ተጫነኝ። መጨረሻው ላይ ግን «ለቀቀኝ» አይበሉ። በሐኪሟ በዶክተር ኖላን ሕክምና የብርጭቆው ክዳን (የልቦለዱ ርዕስ የሆነው፣ ኤስተር ሕመሟን የምትመስልበት «ቤል ጃር») ከራሷ በላይ ተንጠለጠለ እንጂ አልጠፋም፤ ተመልሶ እንደማይወርድም እርግጠኛ አይደለችም። «ገለጥ አለልኝ» ይበቃል፤ «ገለጥ» ድርጊቱን ያለዝበዋል፣ «ልኝ» ደግሞ እፎይታውን ይናገራል። ሲወርድ «ወረደብኝ» ነው። እዚህ ላይ «ብ»ን በ«ል» እንዳይለውጡ፤ «ወረደልኝ» ካሉ ሸክሙ ከትከሻዬ ተነሣ ማለት ይሆንና ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል።