ሦስት ነፍስ ይዘን የጀመርነው

ልጆቼ፣

የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጻፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ከዚያ በፊት ተጫዋች ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ያለ መነጽር አላነብም፤ ጆይስቲክ ስጨብጥ ግን አውራ ጣቴ እኔን ሳይጠይቅ የሚሄድበትን ያውቃል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ጌም የሚጽፍ ሽማግሌ ሁሉ ሊቆጣ ነው ብላችሁ ደብዳቤዬን ሳታነቡት እንዳታጥፉት ነው። ተጫወቱም አትጫወቱም አልልም፤ መጫወታችሁ አይቀርም። የምለምናችሁ፣ ስትጫወቱ ጌሙን የሠራውን ሰው እጅ እንድትፈልጉ ብቻ ነው።

ለእኔ ነገሩ የጀመረው ከእህቴ ጋር ነው። በተራ እንጫወት ነበር፤ የአንዳችን ነፍስ፣ ማለት ጌሙ የሰጠን የመሞከሪያ ዕድል፣ ሲያልቅ ጆይስቲኩ ወደ ሌላው ያልፋል። የእኔ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። ጌሙ ያለበት ካሴት አልሠራ ሲል ከማሽኑ ነቅለን፣ ከሥሩ ባለው ክፍተት እፍ ብለንበት መልሰን እንሰካዋለን። ይነሳል። የትንፋሻችን ኃይል ነበር የሚመስለን። ኋላ እንደተረዳሁት፣ የሚያስነሳው ተነቅሎ መመለሱ ነው፤ የካሴቱ የብረት ጥርሶች ከማሽኑ ጋር እንደገና ሲገጥሙ ይሠራል። እፍታችን እንዲያውም በእርጥበቱ ብረቱን ይጎዳ ነበር። እህቴ ይህን እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም። በሥራ ዓለም ግን ስንት ዓይነት እፍታ አይቻለሁ! አንድ ጊዜ ስለሠራ ብቻ፣ ለምን እንደሠራ ማንም ሳይጠይቅ፣ ዓመት ከዓመት የሚደጋገም።

የሠሪውን እጅ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ስንጫወት ድንገት ተነስታ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ጣለችና «ቁጥቋጦው እኮ ደመናው ነው!» አለች። እውነቷን ነበር። ሰማይ ላይ ያለው ነጭ ደመናና መሬት ላይ ያለው አረንጓዴ ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለወጠው ቀለማቸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ያ ጌም ከነሙዚቃው፣ ከነሥዕሉ፣ ከነሠላሳ ሁለት ደረጃዎቹ የያዘው ቦታ 40 ኪሎባይት ነው። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦታ ያጣ ሰው ደመናውን አውርዶ ተከለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና እህቴ ጌም ስናይ ሁለት ነገር እናይ ነበር፤ ጨዋታውንና ሰውየውን።

የዚያኑ ጌም የመጀመሪያ ደቂቃ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ማሪዮ በስተግራ ቆሟል፤ በስተቀኝ ባዶ ሜዳ አለ። ወደ ቀኝ ሂድ የሚል ጽሑፍ የለም፤ ሌላ መሄጃ ግን አይታያችሁም። ጥቂት እንደሄዳችሁ አንድ ግንባሩን የቋጠረ ፍጡር ይመጣባችኋል። ካልዘለላችሁ ትሞታላችሁ፤ ከሦስቱ ነፍስ አንዷ ሄደች፣ ትምህርቱም ተያዘ። ቀጥሎ ከሳጥን ውስጥ እንጉዳይ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ከቧንቧው ጋር ይጋጭና ወደ እናንተ ይመለሳል። ፈርታችሁ ብትሸሹ እንኳ ብዙ ጊዜ ያገኛችኋል፤ ሲነካችሁም ትልቅ ትሆናላችሁ። የጌሙ ሠሪዎች ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ አንድ ቃል ሳይጽፉ መሄድን፣ መዝለልን፣ ጠላትንና ስጦታን መለየት አስተማሩ። እኔ በወጣትነቴ ለሠራሁት ፕሮግራም ዘጠና ገጽ መመሪያ ጽፌ ነበር። ማንም አላነበበውም፤ ፕሮግራሙንም ማንም በትክክል አልተጠቀመበትም። ሚያሞቶን ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው።

ጉድለትን ወደ ጥበብ የለወጠው እሱ ብቻ አይደለም። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ቴትሪስን፣ የሚወርዱ ጡቦች የሚደረደሩበትን ጌም፣ የሠራበት ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ጡቦቹን በቅንፍ ምልክቶች ነበር የሳላቸው። ከሁሉ የምወደው ግን የቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ጌሙ በስፔስ ኢንቬደርስ ውስጥ 55 ጠላቶች በሰልፍ ወደ ታች ይወርዳሉ። የዚያ ዘመን ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል) ያን ሁሉ ለመሳል ስለሚደክመው ሰልፉ ቀርፋፋ ነው። ጠላቶቹ እየተመቱ ሲያንሱ የሚሳለው ይቀንሳል፣ የቀሩትም ይፈጥናሉ። የመጨረሻዋ ብቻዋን ስትቀር ዓይን እስኪያጣት ትሮጣለች። ይህ የታሰበ ነገር አልነበረም፤ የማሽኑ ድካም ነው። ኒሺካዶ አይቶት እንዳለ ተወው። እኔ ብሆን አንድ ሳምንት ሙሉ አርመው ነበር፤ ጌሙንም ገድየው ነበር።

መናፍስት ተጫዋቹን የሚያሳድዱበት ፓክማን የተባለው ጌም ደግሞ አንድ ጊዜ ሥራዬን አትርፎልኛል። ገና ጀማሪ ሳለሁ የምሠራበት ድርጅት የደረሰኝ ቁጥር አንድ ጠዋት ከ32,767 ቀጥሎ ከዜሮ በታች ወረደ። አንዱ ቫይረስ ነው አለ፤ ሌላው ማተሚያው ላይ ፈረደ። እኔ ግን የፓክማን 256ኛ ደረጃ ትዝ አለኝ። በዚያ ጌም የደረጃው ቁጥር የሚቀመጠው ከ255 በላይ በማይዝ ቦታ ውስጥ ስለሆነ፣ 256ኛው ላይ ሲደረስ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደላትና በቁርጥራጭ ሥዕሎች ይዘበራረቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ የለም። ቁጥሩ ሳጥኑን ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው። የእኛም ደረሰኝ እንደዚያው። ከምሳ በፊት አስተካከልኩት። እንዴት አወቅህ ሲሉኝ «በትምህርት ቤት» ብዬ ዋሸሁ።

ቶሩ ኢዋታኒ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው በዚህ ጌም ውስጥ አራቱ መናፍስት አራት ጠባይ አላቸው። ቀዩ በቀጥታ ያሳድዳል። ሮዙ እናንተ ያላችሁበትን ትቶ አራት እርምጃ ቀድሞ ይጠብቃችኋል። ብርቱካናማው ይመጣል ይመጣልና ሲቀርብ ወደ ጥጉ ይሸሻል። (የሰማያዊውን ለማስረዳት ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።) አራቱም ግን በየመሃሉ ማሳደዱን ትተው ወደየማዕዘናቸው ይበተናሉ። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ተጫዋቹ ትንፋሽ እንዲያገኝ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ማሽን ሳንቲም የሚበላ ማሽን ነበር። የድሮዎቹ ንጹሕ ነበሩ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሦስት ነፍስ ብቻ የሰጡን አንዱ ምክንያት አራተኛዋን እንድንገዛ ነው። ሆኖም በዚያ ንግድ መካከል እንኳ አንድ ሰው ስለ ትንፋሻችን አስቧል።

ዛሬ የሚያናድዱኝ ትንፋሽ የሚነሱት ናቸው። ስልካችሁን ካነሳችሁበት እስክትተኙ የሚጠሩ፣ አንድ ቀን ስትቀሩ የሰበሰባችሁትን የሚቀንሱ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሳጥን በገንዘብ የሚሸጡ። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንደነዚህ ያሉትን ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብላ ፈርዳባቸዋለች፤ እኔም ሌላ ስም አላገኘሁላቸውም። የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው። አንድን ጌም ለሳምንት ተዉትና ተመለሱ። እንደ ተዋችሁት ከጠበቃችሁ ወዳጅ ነው። ከወቀሳችሁና ካስከፈላችሁ፣ የሠሪው እጅ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

አዲስ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን የእርሻ ጌም፣ ስታርዲው ቫሊን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ፕሮግራሙንም ከአራት ዓመት በላይ ደክሞ ሠራው፤ የእጁ አሻራ በየእርሻው ጥግ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ሴሌስት ተራራ መውጣት ነው፤ እጅግ ከባድ ነው። ሠሪዎቹ ግን ለሚቸግረው ሰው የጌሙን ፍጥነት የሚቀንስበት መንገድ ሰጥተዋል፤ ማላገጥም ቅጣትም የለውም። እኔ ፍጥነቱን ቀንሼ ነው ጫፍ የደረስኩት። ጣቶቼ ያረጁ ናቸው፣ ምን ላድርግ? ልጄ «አባዬ፣ ይህ አይቆጠርም» አለችኝ። ተራራው ግን ቆጥሮልኛል።

ከቻላችሁ የተጫወታችሁባቸውን አትጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶ የሚሆኑት በዚያን ጊዜ በገበያ አይገኙም ነበር። እኔ ካስቀመጥኳቸው አንዱ ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ ነው። ካሴቱ ውስጥ የተጫዋቹን ስምና የደረሰበትን የምትጠብቅ ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷ ስትሞት ስሙም አብሮ ይጠፋል። ባትሪዋን ነቅሎ መቀየር ይቻላል፤ ስትነቀል ግን የተጻፈው ይሰረዛል። ስለዚህ አልነካኋትም።

ባለፈው ዓመት ካሴቱን ሰካሁት። እፍ አላልኩበትም፤ ነቀል አድርጌ መለስኩት። ስሞቹ ወጡ። በመጀመሪያው መስመር የእኔ፣ በሁለተኛው የእህቴ፣ ከየስሙ ጋርም ስንት ጊዜ እንደሞትን የሚናገር ቁጥር። የእሷ 61 ይላል። ወዲያው ደውዬ ነገርኳት። ለአፍታ ዝም አለችና «የአንተስ?» አለችኝ።

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።