ጥያቄና መልስ፦ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ጌም

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጌም ማለት ሰዓት የሚፈጅ፣ ምስሉም ፊልም የሚመስል ነው ባይ ነው። በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ፣ ምስሉ እንኳ በቅጡ የማይለይ ጌም እንዴት ጥበብ ይባላል? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ወንድምዎ ጥበቡን ምስሉ ላይ ይፈልገዋል፤ እዚህ ግን ያለው ሕጉ ውስጥ ነው። ጄሰን ሮህረር እ.ኤ.አ. በ2007 የሠራውን «ፓሴጅ» ይመልከቱ። መጫወቻው 100 በ16 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ብቻ ነው፤ ቀጭን ጥብጣብ በሉት። ምን እንደሚደረግ የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ሰውዬው ይሄዳል፣ ያረጃል፣ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ይሞታል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት አለች፤ ከነኳት አብራው ትሄዳለች። ጎን ለጎን ሆነው ግን በጠባቡ ቀዳዳ አያልፉም፣ ከቀዳዳው ጀርባ ያለው የሀብት ሣጥንም ይቀርባቸዋል። ትዳር የሚያስቀረውን ነገር የሚናገረው ያ ቀዳዳ ነው። ስክሪኑም አይተኛም፦ በወጣትነቱ ሰውዬው ግራ ጠርዝ ላይ ሆኖ ከፊቱ ያለው ሁሉ ተጨፍልቆ ይታያል፤ ሲያረጅ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይገፋና የሚጨፈለቀው ያለፈው ይሆናል።

የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ለስብስቡ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 14 ጌሞች አንዱ ይኸው ነው። ገበጣም እኮ ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው፤ ምስሉ አነሰ ብሎ ያማረረ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወርድ መንገደኛ በቢትሲ (ብራውዘር ላይ ትንንሽ ጌም መሥሪያ) አጭር ጌም ጀምሬያለሁ። ሦስት ተሳፋሪዎች ረዘም ያለ ወሬ አላቸው። ጓደኞቼ ግን ሳይጨርሱ ይዘጉታል። ምን ላድርግ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወሬውን ይቁረጡ። የቢትሲ የንግግር ሣጥን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሁለት መስመር ነው፤ ለአንድ ሰው ከሁለት ሣጥን በላይ ከሰጡት ተጫዋቹ ሳያነብ መጫን ይጀምራል።

ቁልቁለቱን መናገር ያለበት ቀለሙና ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግረው መውጫ ነው። በቢትሲ አንድ ክፍል፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚታየው ስክሪን፣ 16 በ16 ታይል (ትንሽ የሥዕል ካሬ) ነው፣ ቀለሙም ሦስት ብቻ፦ የመደቡ፣ የታይሉና የገጸ ባሕሪው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጉም አታጣም። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍል የመደቡንና የታይሉን ቀለም እጅግ ያቀራርቧቸው፤ ሰውየው ብቻ ይለይ። በየክፍሉ እያራራቁ ይውረዱ፣ አምስት ክፍል ይበቃል። ጸሐይ ላይ በተያዘ ስልክ መሞከር አይርሱ፤ ኮምፒውተር ላይ ጉም የመሰለው እዚያ ባዶ ስክሪን ሊሆን ይችላል። መውጫዎቹን ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያድርጓቸው። ተጫዋቹ ልመለስ ብሎ ሲያቅተው፣ ስለ መለየት ሊያስወሩት ያሰቡት ሁሉ ያኔ ይገባዋል።

ሰዎች የሚዘጉት ግን በሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። በቢትሲ ስፕራይት፣ ማለትም እንደ ተሳፋሪዎቹ ያለ የሚያናግሩት ገጸ ባሕሪ፣ መንገድ ይዘጋል። አንድ ታይል ስፋት ባለው መተላለፊያ መሃል ተሳፋሪ ካቆሙ ማንም አያልፈውም፤ ወደ ጎን ያውጡት። በአንጻሩ ገደል ብለው የሣሉት ታይል ላይ ግድግዳ የሚለውን ካልመረጡ ሰውየው በአየር ላይ ይሄዳል።

ሥራው የሚቀመጠው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ብራውዘሩን ያጸዱ ዕለት አብሮ ይጠፋል። የጌሙን ዳታ በየቀኑ ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩ፤ ተራ ጽሑፍ ነው። ሲያልቅ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊደልስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ቢትሲ ሲከፈት ይዞት የሚመጣው የላቲን ፊደል ነው። አጭር ቃል ከሆነ እንደ ታይል ይሣሉት፤ አንዱ ታይል 8 በ8 ፒክስል ስለሆነ በአንድ መስመር 16 ፊደል ይገባል። የቀኙን የመጨረሻ ዓምድ ባዶ ይተዉ፣ አለዚያ ፊደላቱ ይጣበቃሉ። ችግሩ ቅጥያው ላይ ነው። የ«ሉ» ጭረት ከቀኝ እግሯ መሃል፣ የ«ሊ» ከታች ስለሆነ አንድ ሁለት ፒክስል ይበቃቸዋል። የ«ሌ» ቀለበት ግን እግሯን ጨምሮ 3 በ3 ትፈልጋለች፤ መሃሏ ያለችው አንዲት ፒክስል ከተሞላች «ሊ» ተብላ ትነበባለች።