የአንጎልን ካርታ በጨዋታ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

መምህር፦ እንደምን ዋላችሁ። ሕዝብ በጨዋታ ስለሚሳተፍበት የአንጎል ምርምር ያላችሁን ጠይቁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ይህ ምርምር እንጂ ሕክምና አይደለም።

ጣና ዳር፦ መምህር፣ የአንጎል ሳይንስ ያልተማረ ሰው ለምርምሩ ምን ይፈይዳል?

መምህር፦ ትዕግሥት ካለው ብዙ ይፈይዳል። አይዋየር የሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ በ2012 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰባስቲያን ሱንግ ቤተ ሙከራ ተጀመረ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ የአይጥ ሬቲና ግራጫ ምስል ይቀርብላችኋል። ሬቲና ዐይን ውስጥ ይገኝ እንጂ በፅንስ ጊዜ ከአንጎል የሚወጣ ነው። ምስሉን ንጣፍ በንጣፍ እየገለጣችሁ የአንድን ነርቭ ሕዋስ ቅርንጫፍ ትከተላላችሁ፤ ኮምፒውተሩ የዘለለውን ቁራጭ ስትነኩት ቀለም ይለብሳል፣ ቅርንጫፉም ይረዝማል። ያንኑ ቦታ ሌሎችም ይሠሩታል፤ የሚወሰደው ብዙዎች የተስማሙበት ነው።

በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት ተጫዋቾቹ በጸሐፊነት ተጠቅሰዋል። ጥያቄው፣ ሬቲና አንድ ነገር ወደየት እንደሚንቀሳቀስ እንዴት ይለያል የሚል ነበር። ስታርበርስት የሚባለው ሕዋስ ክንዶቹን በዙሪያው ይዘረጋል። ምልክት የሚያዘገዩ ሕዋሳት ከመሐሉ አጠገብ፣ የሚያፈጥኑት ደግሞ ራቅ ብለው ይገናኙታል። ጥናቱ እንዳብራራው፣ እንቅስቃሴው ከመሐል ወደ ውጭ ሲሆን ሁለቱ ምልክቶች እኩል ይደርሱና ክንዱ በኃይል ይመልሳል፤ በተቃራኒው ሲሆን ተራርቀው ስለሚደርሱ ምላሹ ይደክማል።

ፔዳ፦ ይከፈልበታል?

መምህር፦ አይከፈልም።

ሽምብጥ፦ ልጄ ቢጫወተው በትምህርቱ ይጎብዛል?

መምህር፦ የተሠራው ምርምሩን ለማገዝ ነው፤ ተጫዋቹን ለማጎበዝ አይደለም።

ፖሊ፦ ለምን ለሰው ሰራሽ አስተውሎት አይተዉትም?

መምህር፦ መጀመሪያ የሚሠራውማ እሱ ነው። ሁለት ቅርንጫፎች ተነካክተው ባለፉበት ቦታ ግን ሁለቱን ሕዋሳት አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቁራጭ አትጨምሩ! በ2024 የታተመው የአዋቂ የፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ካርታ 139,255 ነርቭ ሕዋሳት አሉት። የሰዎቹ እርማት ብቻ ለአንድ ሰው 33 ዓመት የሚፈጅ ሥራ እንደሆነ ተገምቷል። ከአራሚዎቹ መካከል የአይዋየር ተጫዋቾች ነበሩበት።

ዘጌ፦ ጀልባ የሚነዳበት ጨዋታስ?

መምህር፦ ሲ ሂሮ ኩዌስት፣ 2016። ተጫዋቹ ካርታ ያይ ነበር፣ ካርታው ይነሣና ጀልባውን በቃሉ ይመራ ነበር። ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጫውተውታል። በ2022 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከከተማ ውጭ ያደጉ ሰዎች በአማካይ አቅጣጫ በመለየት ይሻላሉ።

ዘጌ፦ አላልኳችሁም! ከዘጌ ባሕር ዳር በታንኳ የሚመላለስ ሰው ከከተማ ልጅ ጋር አይወዳደርም።

ፔዳ፦ ቀዛፊው ዳርቻውን እያየ ነው የሚሄደው። በቅዳሜ ገበያ መተላለፊያ ለመተላለፊያ ብታስገባው ይጠፋል።

ዘጌ፦ ጭጋግ ሲወርድ ዳርቻው የት ይታያል?

ጣና ዳር፦ እንቦጭ የዘጋውን መንገድ ዞሮ የሚያልፈውስ ማን ነው? ቀዛፊው አይደለም?

መምህር፦ ወገኖቼ፣ አማካይ ማለት እያንዳንዱ የገጠር ሰው ከእያንዳንዱ የከተማ ሰው ይበልጣል ማለት አይደለም። ጥናቱም ጨዋታ ተጫዋቾችን እንጂ ታንኳ ቀዛፊዎችን አልመዘነም። ወደ ጥያቄያችሁ ተመለሱ።

ቀበሌ 13፦ እናቴ ነገር መርሳት ጀምረዋል። የጀልባውን ጨዋታ ላስጀምራቸው?

መምህር፦ ስጀምር ብያለሁ፤ ጨዋታው የመርሳት በሽታን ለማጥናት እንጂ ለማከም አልተሠራም። እናትህን ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው፤ ዛሬ ነገ አትበል።

ጊዮን፦ እስቲ ስለ አንጎል ንገሩን።

መምህር፦ ምኑን? ጥያቄህን አጥብበህ ጠይቅ።

ሽምብጥ፦ ክፍያው ግን እንዴት ነው?

መምህር፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እባካችሁ።

ሰባታሚት፦ የሳይንስ ክበብ አለን፤ ኢንተርኔቱ ግን ይቆራረጣል። ለተማሪዎች እንዴት ላስረዳ?

መምህር፦ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ! «የአንጎል ምስጢር ተፈታ» ብለህ አትጀምር። የዝንብ ከሆነ የዝንብ፣ የአይጥ ሬቲና ከሆነም የአይጥ ሬቲና ነው በል። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ የዝንቡ ስንት እጅ እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት። ካርታው ማን ከማን እንደተገናኘ ያሳያል፤ ሐሳብን አያሳይም።

ከዚያ ቀለማቸው አንድ የሆነ ክሮችን አጠላልፈህ የቀለጠ ሰም አፍስስባቸው። ሲደርቅ በስሱ ቆራርጠህ በቅደም ተከተል ቁጥር ስጣቸው። ሁለት ቡድኖች ሳይተያዩ አንዱን ክር ከመጀመሪያው ቁራጭ እስከ መጨረሻው ይከተሉ። መልሳቸው የተለያየበትን ቁራጭ ፈልገው ያውጡ፤ ክሮቹ የሚነካኩት እዚያ ይሆናል።