ድረ ገጹ «አምስት ሰዓት» ቢልም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእግር ጉዞ

ጥያቄ፦ በጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። አንድ የሃይኪንግ ድረ ገጽ ከጨነቅ ካምፕ ተነስቶ ቧሂት ጫፍ ደርሶ መመለስን «12 ኪሎ ሜትር፣ መካከለኛ፣ 5 ሰዓት» ይለዋል። ሌላው «ከባድ» ብሎታል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ቀላል»። ከመካከላችን በየሳምንቱ እንጦጦን የሚወጡ አሉ፤ ከቢሮ ወንበር የማይነሱም አሉ። የትኛውን እንመን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሦስቱም ከአንድ ቦታ መነሳታቸውን አረጋግጡ። የመኪናው መንገድ ጨነቅን አልፎ 4200 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የቧሂት ማለፊያ ይሻገራል። እስከዚያ በመኪና ሄዶ የቀረችውን በእግሩ የወጣ ሰው «ቀላል» ቢል አይፈረድበትም። እናንተ ግን የምትነሱት ከካምፑ ነው። ካምፑ 3620፣ ጫፉ 4430 ሜትር ያህል ስለሆነ 810 ሜትር ትወጣላችሁ፣ ያንኑ ያህል ትወርዳላችሁ።

ከዚያ የደረጃውን ስም ተዉትና ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩ። በብዙ ድረ ገጾች ላይ «መካከለኛ» የሚለውን የሚመርጠው መንገዱን ያስገባው ተጠቃሚ ነው። ዕድሜው፣ የተሸከመው፣ የመጣበት አገር አይታወቅም። ደረጃውን ኮምፒዩተር የሚሰጥባቸው ገጾችም ብዙ ጊዜ የሚያዩት ርቀትንና የመውጫውን ቁመት ብቻ ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ 800 ሜትር መውጣትና ከ3600 ተነስቶ 800 ሜትር መውጣት ለእነሱ አንድ ነው።

12 ኪሎ ሜትሩ ትክክል ነው ብለን እናስላ። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ደንብ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ መውጫ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይይዛል። በዚህ ስሌት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሲደመር 1 ሰዓት ከ21፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ጀርመኖች የሚጠቀሙበት ስሌት ጠበቅ ያለ ነው። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር አግድም፣ 300 ሜትር ወደ ላይ፣ 500 ሜትር ወደ ታች ይቆጥራል። የአግድሙ ጊዜ 3 ሰዓት ነው። የመውጫው 2 ሰዓት ከ42 እና የመውረጃው 1 ሰዓት ከ37 ሲደመሩ 4 ሰዓት ከ19 ይሆናሉ። ከዚህና ከአግድሙ 3 ሰዓት ትልቁ ሙሉውን፣ ትንሹ በግማሹ ይያዛል፤ ውጤቱ 5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። በአንድ መንገድ ላይ የሁለት ሰዓት ልዩነት መጣ ማለት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ዕረፍትን አይቆጥሩም።

ስስ አየርንም አይቆጥሩም። ከቆላ የመጣ ሰው 4000 ሜትር ላይ የጉልበቱን አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ብልጫ ቢኖረውም አይቀርለትም። በጀርመኑ ስሌት ላይ ሲሶ ጨምራችሁ ምሳና ፎቶ አስቡበት፤ ስምንት ሰዓት ግድም ይወስዳል። ይህም በቡድኑ ዝግተኛ ሰው እርምጃ የሚታሰብ ነው፤ እንጦጦ የሚወጣው ጓደኛችሁ ፍጥነት ምንም አይጠቅማችሁም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ተመለሱ። ይህን ሰዓት ማታ ካምፕ ውስጥ ተስማሙበት፤ ጫፉ ፊት ለፊት እየታየ የሚደረግ ክርክር የሚያልቀው በመውጣት ነውና።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ድረ ገጹ ላይ ጭራሽ የማይጻፈው ነው። ጎንደር 2200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ከዚያ በመኪና ተነስቶ ማታ ጨነቅ ማደር፣ በአንድ ቀን 1400 ሜትር መዝለል ነው። ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። መጀመሪያ ሳንቃበር (3250 ሜትር አካባቢ) እደሩ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወደ ላይ መሄድ ይቁም። ሰውየው መንገዳገድ ከጀመረ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን፣ በመኪናም ሆነ በበቅሎ፣ ቢያንስ 500 ሜትር ወደ ታች ይውረድ። «ተኝቶ ይነሳና እናያለን» አይባልም።

ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ፣ ግዴታ ነው፤ ምዝገባው ደባርቅ ነው። የአካባቢውን ጸጥታ በዚያው ሳምንት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። ከሦስት ዓመት በፊት «ድንቅ ጉዞ» ብሎ የጻፈ የውጭ አገር ሰው ስለ ትናንት ሊነግራችሁ አይችልም።

ጥያቄ፦ ያወረድኩት የጂፒኤክስ ትራክ (የመንገዱን መስመር የያዘ ፋይል) ስልኬ ካርታ ላይ ገደል ይገባል። የተሳሳተው ስልኬ ነው ወይስ ትራኩ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ትራኩ ነው። ምክንያቱ ግን ከአራት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

የገደል ግድግዳ የሳተላይቱን ምልክት ስለሚያነጥር ነጥቦቹ በአስር ሜትሮች ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ። ይህን መስመሩ መጋዝ መምሰሉ ያሳብቅበታል። ሁለተኛው፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ነጥብ የሚይዘው አልፎ አልፎ ሲሆን ነው። ያኔ መንገዱ የሚጠማዘዝበት ቦታ በቀጥታ መስመር ይቆረጣል፤ ቀጥታው ደግሞ ገደሉን ያቋርጣል። ሦስተኛው፣ ማንም ያልሄደበት፣ ኮምፒዩተር ላይ በማውዝ የተሳለ መስመር ነው። ፋይሉን ከፍተው በየነጥቡ ሰዓት መኖሩን ይዩ። ሰዓት ከሌለ፣ ወይም ዳገቱም ሜዳውም በአንድ ፍጥነት የተሄደ ከመሰለ አይከተሉት።

አራተኛው፣ የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ከወረቀት ካርታ ሲገለበጥ የሚመጣ ነው። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፤ ስልክ የሚሠራው ግን በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳይቀየር የተገለበጠ ቁጥር በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ስሜን አፋፍ ላይ 200 ሜትር ማለት በሜዳውና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ እነሆ። 13 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ማለት 13.25 እንጂ 13.15 አይደለም፤ ደቂቃው ለ60 ይካፈላል። ይህችን የሳተ ሰው 11 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል።

ስለዚህ አንድ ትራክ ብቻ አያውርዱ። በተለያዩ ሰዎች የተቀዱ ሁለት ወይም ሦስት ትራኮችን በሳተላይት ምስል ላይ ደራርበው ይዩ። የሚገጥሙበት ቦታ መንገድ ነው። የሚለያዩበትን ቦታ ምልክት አድርገው አስጎብኚውን ወይም እረኛውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በርን አካባቢ ነው። ድረ ገጹ ላይ «ቲ3» የሚል መንገድ አይቻለሁ። ልጆቼን ይዤ ልሂድ? ደረጃው ስህተት ሆኖ አደጋ ቢደርስ ድረ ገጹ ይጠየቃል? (ከስዊዘርላንድ)

መልስ፦ የስዊዝ አልፓይን ክለብ መለኪያ ከቀላሉ ቲ1 እስከ ከባዱ ቲ6 ነው። መንገዱ ላይ ያለው ቢጫ ምልክት ቲ1ን፣ ነጭ-ቀይ-ነጩ ቲ2 እና ቲ3ን፣ ነጭ-ሰማያዊ-ነጩ ከቲ4 ወዲያ ያለውን ያሳያል። ቲ3 ላይ ገደል ያለባቸው ቦታዎች በገመድ ወይም በሰንሰለት የታጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሚዛን ለመጠበቅ እጅ ያስፈልግ ይሆናል። በነጭ-ቀይ-ነጭ መንገድ ላይ ሳይፈሩ ያልተጓዙ ልጆች በቲ2 ይጀምሩ።

ብዙዎች የማያነቡት ነገር አለ፦ ደረጃው የተሰጠው መሬቱ ደርቆ፣ አየሩ ጠርቶ እንደሆነ ታስቦ ነው። በሰኔ መጀመሪያ በሰሜን ተዳፋት ላይ የቀረ አሮጌ በረዶ ያንኑ ቲ3 ሌላ መንገድ ያደርገዋል፤ ማታ የዘነበበት ሣር እንዲሁ። መንገድ ጠቋሚው ቢጫ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሰዓትም ዕረፍትን አይጨምርም፤ ከልጆች ጋር በአንድ ተኩል ያባዙት።

ተጠያቂነትን በተመለከተ፣ እነዚህ ድረ ገጾች በአጠቃቀም ውላቸው «መረጃውን የሚጠቀሙት በራስዎ ኃላፊነት ነው» ይላሉ፤ እርስዎም ሲመዘገቡ ተስማምተዋል። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ጉዳዩ ከተነሳ የሚያነጋግሩት ጠበቃ ነው። ዛሬ ሊሠሩት የሚችሉት መድንዎን ማየት ነው። መሠረታዊው የጤና መድን በአገር ውስጥ የማዳን ወጪ ግማሹን ብቻ፣ ያውም በዓመት እስከ 5000 ፍራንክ ይሸፍናል። በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ የአሠሪዎ የአደጋ መድን ከሥራ ውጭ ያለውንም ያካትታል። ሥራ ላይ ያልሆኑ የቤተሰብ አባላትና ልጆች ግን አይካተቱበትም። የሬጋ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ቁጥር 1414 ነው፤ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ በማይኖርበት ቦታ ስልክ ምን ይጠቅማል? (ከደሴ)

መልስ፦ ካርታው ቀድሞ ከወረደ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ ኔትወርክ ሲፈልግ የሚያልቀው ባትሪ ይተርፋል። አንዳንድ ስልኮች ላይ ሎኬሽን አብሮ ስለሚጠፋ መልሰው ይክፈቱት። ብርድ ባትሪ ይበላል፤ ሌሊት ስልኩንና ፓወር ባንኩን ልብስ ውስጥ ይዘው ይተኙ። ለቤተሰብ የሚተው ወረቀት ላይ መንገዱ፣ የስካውቱ ስልክና «እስከ ማታ 2 ሰዓት ካልደወልኩ እዚህ ደውሉ» የሚል ቁጥር ይኑር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አምቡላንስ ግን እስከ መኪና መንገድ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ በላይ ያለው የቃሬዛ ሥራ ነው። ፊሽካ ወይም የእጅ ባትሪ ካለ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ይንፉ ወይም ያብሩ፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና ስድስት፤ ዓለም አቀፉ የተራራ የድረሱልኝ ምልክት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የሄድኩበትን መንገድ ራሴ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት እፈልጋለሁ። ምን ልጻፍ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ «ሴፕቴምበር» ያለውን የሚያነብ የውጭ ሰው መስከረም ገና ጭቃ መሆኑን አያውቅም። ሰዓቱ ላይም «ጠዋት በ3» ካሉ በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። ስንት ሰው እንደነበራችሁ፣ ምን ያህል እንደተሸከማችሁ፣ ከዕረፍት ጋርና ያለ ዕረፍት ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ውሃ የት እንደተገኘና በየትኛው ወር እንደሆነ ያስፍሩ። ወደ ኋላ የተመለሳችሁበትንና መንገድ የሳታችሁበትን ከትራኩ ላይ አያጥፉ፤ ይልቅ «እዚህ ጋ ወደ ግራ አይታጠፉ» ብለው ይሰይሙት። መኪና ውስጥ ሆነው የተቀዳውን ክፍል ግን ይቁረጡ።

ገበሬ «እለፉ» ብሎ በማሳው ያሳለፋችሁ ከሆነ ያንን ቁራጭ አያትሙ። ፈቃዱ የተሰጠው ለእናንተ ነው፤ ትራኩን የሚያወርዱት ሰዎች በገብሱ ውስጥ ያልፋሉ። ማሳውን የሚዞረውን መንገድ በእግር ሄደው ቀድተው በምትኩ ያስገቡ።